የብሩክስ ሕግ ምንድን ነው? በዘገየ ሶፍትዌር ላይ ሰው መጨመር ለምን ይብስበታል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ለሎሚ ልክ ነው። የብሩክስ ሕግ የሚናገረው ይህ አባባል የማይሠራበትን ቦታ ነው፤ የዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ሰው ሲጨመርበት ይበልጥ ይዘገያል።

ስያሜው የመጣው ከአሜሪካዊው ፍሬድ ብሩክስ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አይቢኤም በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ ሲስተም/360 ለተባሉት ኮምፒውተሮች የሚሆነውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥራ ይመሩ ነበር። ብዙ ሰው ተመደበበት፤ ሥራው ግን ከተያዘለት ቀን ዘገየ። ከዚያ ያገኙትን ትምህርት በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ አሰፈሩት። ሕጉ ነገሩን ከልክ በላይ እንደሚያቀልለው ራሳቸው ብሩክስም አልደበቁም፤ ቢሆንም ዛሬም ቀጠሮ ሲያዝ መጀመሪያ የሚዘነጋው እሱ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ደቦን ማሰብ ይበቃል። በአጨዳ ላይ አንድ ተጨማሪ ሰው ማጭዱን ይዞ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ ይጠቅማል። ማሳው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በዓይኑ ያየዋል፤ ጤፉን የሚያስረዳው አያስፈልገውም። ኮድ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሚጻፍበት ትእዛዝ፣ እንዲህ አይደለም። የደንበኛው ስም ለምን በሦስት ሰንጠረዥ ተለያይቶ እንደተቀመጠ፣ የክፍያው ክፍል ሲነካ ሪፖርቱ ለምን እንደሚበላሽ፣ የትኛው ፋይል ከጥቅም ውጪ ሆኖ ሳይሰረዝ እንደቀረ የሚያውቀው ነባሩ ዴቨሎፐር (ኮዱን የሚጽፈው ባለሙያ) ነው። ፕሮጀክቱ ዘግይቶ አንገቱ ድረስ በሥራ የተወጠረውም ይኸው ሰው ነው። ስለዚህ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀንሰው የዚህ ሰው ሥራ ነው።

ሌላው ወጪ መነጋገር ነው። እያንዳንዱ ሰው ከእያንዳንዱ ጋር መግባባት ካለበት፣ በአምስት ሰዎች መካከል ያለው የመነጋገሪያ መስመር 10 ነው። ሰባት ሲሆኑ 21፣ አሥር ሲሆኑ 45 ይሆናል። ሰው እጥፍ ሲሆን መስመሩ ከአራት እጥፍ በላይ ያድጋል ማለት ነው። የጠዋቱ ስብሰባ ከሩብ ሰዓት ወደ አርባ ደቂቃ ሲረዝም የምናየው ይህንኑ ነው።

በቁጥር እንየው። አምስት ዴቨሎፐሮች አሉ እንበል፤ የቀረው ጊዜ 12 ሳምንት ነው። አንድ ሰው በሳምንት የሚሠራውን «አንድ» ብንለው የቀረው ሥራ 75 ነው። 5 በ12 ሲባዛ 60፣ ስለዚህ 15 ይጎድላል። አለቃው «ሁለት ሰው ይቀጠር» ይላል፤ 2 በ12 ሲባዛ 24 ስለሆነ ወረቀት ላይ ጉድለቱ ተሸፍኖ ትርፍም አለው።

አሁን እንደሚሆነው እንቁጠረው። ማስታወቂያ አውጥቶ ሲቪ ማጣራት 2 ሳምንት፣ ፈተናና ቃለ መጠይቅ 2 ሳምንት፣ የተመረጠው ሰው ካለበት ለቆ እስኪመጣ ከ4 ሳምንት በላይ። በትንሹ 8 ሳምንት አለፈ። በቀሩት 4 ሳምንታት ሁለቱ አዲሶች የነባር ሰው ሩብ ያህል ቢሠሩ የሚያስገቡት 2 ነው። ነባሮቹ ለእያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ጊዜ ሩብ ሰጥተው ቢያስተምሯቸው 2 ወጣ። አሥር ዕጩዎችን ለመፈተን ለእያንዳንዱ 3 ሰዓት ቢጠፋ (ሁለት ጠያቂዎች አንድ አንድ ሰዓት፣ የፈተናውን ኮድ ለማየት ሌላ አንድ ሰዓት) 30 ሰዓት ነው፤ የአንድ ሰው ሳምንት ሦስት አራተኛ ማለት ነው። ጉድለቱ ከ15 ወደ 15.75 አደገ፤ ያውም በአዲሶቹ ስህተት የሚደገመው ሥራ ሳይቆጠር። ሩብ የሚለው ግምት ነው። ንጹሕና ሰነድ ያለው ሲስተም ላይ ይሻላል፤ በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ በሚኖር አሮጌ ሲስተም ላይ ሩብም ብዙ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሲቀጠር የአገሪቱ የሥራ ሕግም በቀጠሮው ላይ የራሱን ቀናት ይጨምራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ «ሰኞ ይጀምራል» የሚባለው ሥራ ለሌለው ወይም ገና በሙከራ ላይ ላለ ሰው ነው። የሙከራ ጊዜ ደግሞ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ቢሮ 12 ሳምንት ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለቱም ወገን ያለ ማስጠንቀቂያ መለያየት ይችላሉ። ሰውየው በስድስተኛው ሳምንት የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ቢሄድ ቅጥሩ ከማስታወቂያ ይጀምራል፤ ያስተማረው ሰው ጊዜም አይመለስም። ብዙ ቡድኖች አዲሱን ሰው የሚገመግሙት ሙከራው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት መገምገም ምንም ወጪ የለውም።

ቅጥርን ማቀድ እንግዲህ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። መነሻው ሰውየው ሙሉ ሥራ እንዲሠራ የሚፈለግበት ቀን ነው፤ ውል የሚፈርምበት ቀን ለቀጠሮው ብዙም አይነግረንም። ጥር 1 ላይ ራሱን ችሎ እንዲሠራ ከተፈለገ ሥራውን ለሚለምድበት ጊዜ (ለመላመጃ) 12 ብንይዝ፣ ለቅጥር 8፣ በድምሩ 20 ሳምንት ይቀነሳል። ማስታወቂያው መውጣት ያለበት ነሐሴ 16 አካባቢ ነው። መሃል ላይ እንቁጣጣሽና መስቀል ስላሉ አንድ ሳምንት መጨመር ያስኬዳል። በመስከረም መጨረሻ «በጀት ተፈቀደ» ተብሎ የተጀመረ ቅጥር ግን ለጥር አይደርስም፤ ዕቅዱ ላይ የየካቲት መጨረሻ ተብሎ ይጻፍ።

የመላመጃውን 12 ሳምንት ማሳጠር ይቻላል፤ ከሁሉ ርካሹ ማፋጠኛም እዚህ አለ። ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ላፕቶፑ ተገዝቶ፣ የኮዱ ማከማቻ ፈቃድና የሙከራ ዳታቤዙ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ሲስተሙን በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳበት የአንድ ገጽ መመሪያ ይኑር፤ ሲሠራበት የተሳሳተ ሆኖ ያገኘውን መስመር ራሱ ያርመው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ትንሽ ለውጥ፣ የአንድ ስህተት መልእክት ማስተካከልም ይሁን፣ ተጽፎ፣ ተገምግሞ፣ ወደ ዋናው ኮድ ይግባ። ጥያቄውን የሚመልስ አንድ ሰው ይመደብለት፤ የዚያ ሰው ሥራም በዕቅዱ ላይ በዚያው ልክ ይቀነስ። ይህን መቀነስ የሚረሳ ሥራ አስኪያጅ አዲሱን ሰው ሳይሆን ነባሩን ያጣል። ቡድኑ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ላይ ከተከፈለ ደግሞ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ፤ ጠዋት የተጠየቀ ጥያቄ ማታ ይመለሳል። አስተማሪው አዲሱ ሰው ባለበት ከተማ ቢሆን ይመረጣል።

ፕሮጀክቱ አስቀድሞ ከዘገየስ? ሥራውን መቀነስ ወይም ቀኑን አንዴ፣ በበቂ መግፋት ይሻላል። ሰው መጨመር ግድ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት በዚሁ ሲስተም ላይ ሠርቶ የለቀቀ ሰው ቢገኝ መላመጃው በቀናት የሚቆጠር ነው። አለበለዚያ አዲሱ ሰው ከሌላው ኮድ ተነጥሎ የሚቆም ሥራ ይሰጠው፦ ቴስት (ሌላውን ኮድ የሚፈትሽ ኮድ) መጻፍ፣ የሙከራ ዳታ ማዘጋጀት፣ ራሱን የቻለ የሪፖርት ገጽ። ከዚህም የሚቀልለው ዴቨሎፐር ያልሆነ ሰው ጨምሮ ነባሮቹን ከስልክ፣ ከስብሰባና ከሳምንታዊ ሪፖርት ማሳረፍ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት የሚያባክኑ አምስት ሰዎች ያን ሰዓት ቢመልሱ በሳምንት 50 ሰዓት ነው፤ ኮዱን አስቀድሞ የሚያውቅ ስድስተኛ ሰው የማግኘት ያህል።

ሰው ሲለቅም ስሌቱ ያው ነው፤ 30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለ20 ሳምንት ክፍተት አይበቃም። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ከተቀነሰ ደግሞ ቢሮ የሚገኘው ከዚያም ላነሰ ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት አዲስ ሥራ አይሰጠው። እሱ ብቻ የሚያውቃቸው ክፍሎች ይዘርዘሩ፤ ከዚያ ተተኪው ኮዱን ሲቀይር የሚለቀው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ይመልከት። ሰነድ ብቻ ጽፎ እንዲሄድ ከተደረገ ተተኪው ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቀው ሰውየው ከወጣ በኋላ ነው።