ቦርግ ሜሽ፦ የኪሩናን ከተማ ከጥንስሷ ጀምሮ የመዘገበ ፎቶግራፍ አንሺ

ቦርግ ሜሽ (1869–1956) በሰሜን ስዊድን የምትገኘውን የማዕድን ከተማ ኪሩናን፣ ጎዳናዎቿ ገና ሳይቀየሱና ቤቶቿ ገና ሳይቆሙ ጀምሮ በፎቶግራፍ የመዘገበ ስዊድናዊ ነው። በ1899 ወደ ስፍራው መጥቶ ፎቶ ቤት ከፈተ፤ ከዚያም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሥራውንና ኑሮውን እዚያው አደረገ። የዛሬዋ ኪሩና ከምድር በታች በሚካሄደው ቁፋሮ ምክንያት ሕንፃ በሕንፃ እየተነሣች ወደ ሌላ ቦታ በመዛወር ላይ ስለሆነች፣ ሜሽ በመስታወት ላይ ያስቀራቸው ምስሎች ዛሬ ከተወሰዱበት ጊዜ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኪሩና ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን 145 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኪሩናቫራና ሉኦሳቫራ በሚባሉ ሁለት የብረት ማዕድን ተራሮች መካከል፣ በሉኦሳያርቪ ሐይቅ ዳር ትገኛለች። በተራሮቹ ውስጥ ብረት እንዳለ ለረጅም ጊዜ ይታወቅ ነበር። ነገር ግን ማዕድኑ ፎስፈረስ የበዛበት በመሆኑ ከእሱ የሚወጣው ብረት ተሰባሪ ይሆን ነበር፤ በዚያ ላይ ማዕድኑን ከዚያ ምድረ በዳ አውጥቶ ወደ ባሕር የሚያደርስ መጓጓዣ አልነበረም። የመጀመሪያው ችግር የተፈታው ፎስፈረስን ከቀለጠ ብረት የሚለይ የማቅለጫ ዘዴ በእንግሊዝ አገር በ1870ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲገኝ ነው። በ1890 ሉኦሳቫራ-ኪሩናቫራ የተባለው፣ በምሕጻሩ ኤልካአቤ የሚታወቀው ኩባንያ ተቋቋመ። የባቡር ሐዲዱ በ1899 ኪሩና ደረሰ፤ ከዚያም በ1902 የኖርዌይን ድንበር አልፎ፣ በክረምት ውኃው ወደማይረጋው የናርቪክ ወደብ ዘለቀ፤ በጁላይ 1903ም በንጉሥ ኦስካር ዳግማዊ ተመርቆ ተከፈተ። ሜሽ ኪሩና የገባው እንግዲህ ሐዲዱ በደረሰበት ዓመት ነው። ቀድመው ከገቡት ነዋሪዎች አንዱ በመሆኑም የመዘገበው የሌሎችን ታሪክ ብቻ አልነበረም፤ እሱ ራሱ የሚኖርበትን ታሪክ ጭምር ነበር።

የከተማዋ አመሠራረት ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው፤ የሜሽ ፎቶግራፎች ትርጉም የሚያገኙትም ከዚህ ጋር ሲነበቡ ነው። የኩባንያው የአካባቢ ሥራ አስኪያጅ የነበረው የሥነ ምድር ሊቅ ያልማር ሉንድቦም (1855–1926) አንድ ነገር አጥብቆ ይፈራ ነበር። በስተደቡብ በምትገኘው በማልምበሪየት የማዕድን መንደር ሠራተኞች ከደማሚት ሣጥን ጣውላ ሳይቀር ባበጁት ደሳሳ ጎጆ ታጭቀው ይኖሩ ነበር፤ ይህ በኪሩና እንዳይደገም ከተማዋ ሰው ሳይሞላባት በፊት ፕላን እንዲወጣላት አደረገ። ፕላኑን ያወጡት ፐር ኡሎፍ ሃልማንና ጉስታፍ ቪክማን ሲሆኑ፣ በ1900 ጸደቀ። ሃልማን መንገዶቹን በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ከመሳል ይልቅ የዳገቱን አቀማመጥ ተከትለው እንዲጠማዘዙ አደረገ፤ በዚህም መንገዶቹ ተዳፋቱን በቀላሉ የሚወጡ፣ ከሰሜን የሚነፍሰውንም ነፋስ የሚሰብሩ ሆኑ። ከተማዋ የኩባንያው ሠፈር፣ የባቡር ሐዲዱ ሠፈርና የግል ነጋዴዎችና ነዋሪዎች የሚገቡበት ሠፈር ተብላ በሦስት ተከፈለች። ቪክማን ለሠራተኞች የነደፋቸው የእንጨት ቤቶች ቅርጻቸው የቀለም ብልቃጥ ስለሚመስል ሕዝቡ በዚያው ስም ጠራቸው፤ ከእነሱም ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ አሉ። በ1907 ነዋሪዎችን ወደ ተራራው የሚያመላልስ የኤሌክትሪክ ትራም ሥራ ጀመረ፤ በጊዜው ከዓለም ትራሞች ሁሉ በሰሜን ጫፍ የሚሄደው ይህ ነበር።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ ማግኘት ይቻላል። በጽሑፍ የማይገኘው ፕላኑ በወረቀት ላይ ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ ኑሮ እስኪሆን ድረስ ያለው ዘመን ነው፤ የሜሽ ሥራ ዋጋም እዚህ ላይ ነው። በፎቶግራፎቹ ውስጥ ድንጋዩ ያልተለቀመ ጎዳና፣ ከመንገዱ ደረጃ በታች የቀሩ ጉቶዎች፣ ጣሪያቸው ያላለቀ ቤቶች፣ ከተጠረበ ግንድ የተሠሩ ጊዜያዊ መጠለያዎች፣ በእነዚያ ፊት የቆሙ ሰዎችም ይታያሉ። በዚያ ዘመን ኩባንያዎች ፎቶግራፍ አንሺ የሚጠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ሲያልቅ ነበር፤ ድልድዩ ከተዘረጋ፣ ሕንፃው ከተመረቀ፣ ባለሥልጣኑ ሪባኑን ከቆረጠ በኋላ ማለት ነው። ሜሽ ግን እዚያው ይኖር ስለነበር፣ ያላለቀውንና የተዝረከረከውን ጊዜ የማየት ዕድል ነበረው። ተጓዥ ፎቶግራፍ አንሺ በሁለት ቀን ቆይታው አንድ ከተማ ያነሣል፤ ነዋሪ ፎቶግራፍ አንሺ ግን አንዱን ጎዳና በተለያዩ ዓመታት ደጋግሞ ያነሣል፤ ለታሪክ አጥኚም የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ነው።

የሥራው ክብደትም ሊዘነጋ አይገባም። የዘመኑ ፎቶግራፍ የሚነሣው ብርሃን የሚቀበል ጄላቲን በተቀባ የመስታወት ሳህን ላይ ነበር። ካሜራው ትልቅ የእንጨት ሣጥን፣ መቆሚያው ባለሦስት እግር፣ ሳህኖቹም ከባድና ተሰባሪ ስለነበሩ፣ ወደ ተራራ የሚወጣ ፎቶግራፍ አንሺ ወይ ተሸካሚ ያስፈልገው ነበር፣ ወይ ሸክሙን ራሱ በበረዶ መንሸራተቻ ይጎትት ነበር። በኪሩና በዲሴምበር ፀሐይ ለሳምንታት ያህል ጨርሳ አትወጣም፤ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ደግሞ አትጠልቅም። ስለዚህ በተፈጥሮ ብርሃን የሚሠራ ሰው የዓመቱ ሥራው ከሌላ አገር ባለሙያ ፈጽሞ በተለየ መንገድ ይከፋፈል ነበር። ጨለማው ሲበረታ የዘመኑ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ማግኒዥየም የተባለውን ብልጭ ብሎ የሚነድ ዱቄት ነበር፤ ጭሱና ሽታው ግን ጠባብ ክፍልን የሚያውክ ነበር። ብርዱም የካሜራውን መዝጊያ ያዘገየዋል፤ ካሜራው ከውጭ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ደግሞ መነጽሩ ላይ ጤዛ ይፈጥራል።

ምስሎቹን የሚያይ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ሌላ ነገር አለ። የዘመኑ ሳህኖች ሰማያዊ ብርሃንን በቀላሉ የሚቀበሉ፣ ለቀይ ብርሃን ግን ደካማ ነበሩ። በዚህ የተነሣ የስዊድን የእንጨት ቤቶች የሚቀቡት የታወቀው ቀይ ቀለም በፎቶግራፉ ላይ ጠቁሮ ሲወጣ፣ ሰማዩ ደግሞ ነጥቶ ደመና አልባ ይመስላል። አሮጌ የኪሩና ፎቶግራፎች ከሚገባው በላይ ጨለማ የዋጣቸው የሚመስሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ከተማዋ ራሷ ግን እንዲህ የጨለመች አልነበረችም።

የሜሽ ፎቶ ቤት እንጀራው ነበር። ወደ ኪሩና የጎረፉት ሠራተኞች ከደቡብ ስዊድን፣ ከፊንላንድና በድንበሩ ላይ ካለው የቶርነ ሸለቆ የመጡ፣ ብዙዎቹም ወጣቶችና ብቸኞች ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ደመወዙን ሲያገኝ ኮቱን ለብሶ ፎቶ ይነሣና ለእናቱ ወይም ለእጮኛው ይልካል፤ በሕይወት መኖሩን፣ ሥራ ማግኘቱንና ሰው መሆኑን ያሳይበታል። ይህ የየትኛውም አገር ፎቶ ቤት ልማድ ነው፤ ከትውልድ ቀዬው ርቆ ፎቶውን ወደ አገር ቤት የላከ ሁሉ ያውቀዋል። ከግለሰብ ፎቶ ሌላ የሠርግ፣ የቤተሰብ፣ የማኅበርና የትምህርት ቤት ፎቶግራፎች ነበሩ፤ የከተማዋና የተራሮቹ ምስሎችም በፖስታ ካርድነት ታትመው ተሸጡ። በኪሩና የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት ላይ የተሟላ የፊት መዝገብ ካለ፣ የተዘጋጀው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን በዚህ ዓይነት የዕለት ገበያ ነው።

ስለ ማዕድኑ የተነሡት ፎቶግራፎች በጥንቃቄ መነበብ ያለባቸው ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኪሩናቫራ ማዕድን የሚወጣው ከምድር በታች ሳይሆን ከተራራው ገጽ ላይ፣ በደረጃ በደረጃ እየተቆረሰ ነበር። በምስሎቹ ላይ የተራራው ግድግዳ ሰፊ፣ ሰዎቹ ደግሞ እንደ ነጥብ ትንንሽ ሆነው ይታያሉ፤ ወይም ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን ይዘው በሰልፍ ይቆማሉ። እንዲህ ያለ አቀማመጥ ከቴክኒኩም የመጣ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሰው በሳህኑ ላይ ይደበዝዛልና ሁሉም ቀጥ ብሎ መቆም ነበረበት። ይሁን እንጂ በእነዚህ ምስሎች ውስጥ አደጋ፣ ድካምና በክረምት ጨለማ የሚሠራው ሌሊት እምብዛም አይታዩም። ይህ የሜሽ ብቻ ጉድለት አይደለም፤ በኩባንያ ከተማ የሚኖር ባለሙያ ሁሉ የሚገባበት ሁኔታ ነው፤ ተመልካቹ ግን ሊያስበው ይገባል። ማዕድኑ ምን ያህል ከባድ የአገር ጉዳይ እንደነበረ ለማወቅ የስዊድን መንግሥት በ1907 የኩባንያውን እኩሌታ ባለቤት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

የከተማዋ እጅግ የታወቀው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያኗ ነው። ሉንድቦም ለቪክማን የሰጠው ሐሳብ የሳሚን፣ ማለትም የአካባቢውን ነባር ሕዝብ፣ ባህላዊ ጎጆ እንዲመስል ነበር፤ ቪክማንም ጣሪያዋ ወደ መሬት የሚያዘነብል ትልቅ የእንጨት ሕንፃ ነደፈ። በ1912 ተመረቀች። ጣሪያዋ ላይ የሰውን ልብ ስሜቶች የሚያሳዩ በወርቅ የተለበጡ የክርስቲያን ኤሪክሶን ሐውልቶች ቆመዋል፤ የመሠዊያዋን ሥዕል የሣለው ልዑል ኡይገን ሲሆን፣ በሥዕሉ ላይ ቅዱሳን ሳይሆኑ ፀሐይ የበራባቸው ዛፎች ይታያሉ። እንዲህ ያሉ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ወደ ኪሩና የሚመጡት ሉንድቦም በቤቱ ያስተናግዳቸው ስለነበር ነው፤ ፎቶግራፉም የኖረው በዚህ የሥነ ጥበብ አየር ውስጥ ነበር።

የሳሚ ሕዝብ ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ ክብደት አለው። ኪሩና የተተከለችው ሳሚዎች ሬይንዲር የተባሉትን የበረዶ ምድር አጋዘኖች እየነዱ ከክረምት ግጦሽ ወደ በጋ ግጦሽ በሚያልፉበት ምድር ላይ ነው። ሜሽ ሳሚዎችን በፎቶ ቤቱም በሜዳም አንሥቷቸዋል፤ ፎቶግራፎቹም በልብስ፣ በጌጥ፣ በድንኳንና በከብት አያያዝ ረገድ ዋጋቸው ከፍተኛ ነው። ነገር ግን ዘመኑ ለሳሚዎች ክፉ ነበር። በ1913 የወጣው ሕግ የዘላን ሳሚ ልጆችን ከሌሎች ልጆች በተለየ ዝቅተኛ ትምህርት ቤት እንዲማሩ አደረገ፤ በ1922 ደግሞ በኡፕሳላ የዘር ሥነ ሕይወት ተቋም ተከፍቶ፣ የተቋሙ ሰዎች በሰሜን እየዞሩ ሰውን እየለኩ ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ደንበኛ ሆኖ ገብቶ፣ ልብሱን አሳምሮ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ፎቶ የተነሣን ሰው፣ ያለ ፈቃዱ ከለኪ ፊት ከቆመ ሰው ጋር አንድ ማድረግ አይገባም፤ ሁለቱ ምስሎች በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ አንዳንዴም ለአንድ ሕዝብ የተነሡ ቢሆኑም ልዩነታቸው የክብር ልዩነት ነው። የሳሚን ምስል የሚያሳትም ሁሉ የሰውየው ስም ከተገኘ ስሙን ሊጽፍ ይገባል።

ሜሽ የአካባቢውን ተራሮችም ብዙ አንሥቷል፤ በስዊድን ረጅሙ ተራራ የሆነው ኬብነካይሰና የቶርነትሬስክ ሐይቅ ዳርቻ በሰፊው የተዋወቁት በእሱና በእሱ ዘመን ሰዎች ምስሎች ነው። ቀደም ሲል ከባቡሩ በቀር መግቢያ ያልነበረው ይህ አገር በ1909 የአቢስኮ ብሔራዊ ፓርክ ሲከለል የጎብኚዎች አገርም ሆነ።

በ2004 ኩባንያው የማዕድን ቁፋሮው ወደ ጥልቀት በወረደ ቁጥር ከላይ ያለው መሬት እንደሚሰነጠቅ አስታውቆ ከተማዋ መነሣት እንዳለባት ነገረ። ማዕድኑ ወደ ከተማዋ አቅጣጫ ያዘነበለ ትልቅ ሉህ ስለሆነ፣ ቁፋሮው ጠልቆ በሄደ ቁጥር የስንጥቁ ወሰን ወደ ቤቶቹ ይጠጋል። በስተምሥራቅ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ የከተማ መሃል ተሠራ፤ አዲሱ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ በ2018 ተከፈተ፤ የሉንድቦም መኖሪያ ቤት ተነሥቶ ተዛወረ፤ በኦገስት 2025 ደግሞ 672 ቶን የምትመዝነው ቤተ ክርስቲያን በተሽከርካሪ ተጭና 5 ኪሎ ሜትር መንገድ በሁለት ቀን ተጓዘች። ብዙዎቹ ሌሎች ሕንፃዎች ግን አልተዛወሩም፤ ፈርሰዋል፤ የሚፈርሱም አሉ።

ለዚህ ነው በሺዎች የሚቆጠሩት የሜሽ የመስታወት ሳህኖች ዛሬ በተለይ የሚፈለጉት። የሚፈርስን ቤት ቀደምት መልክ፣ መስኮቱን፣ በረንዳውንና በፊት ለፊቱ የነበረውን ዛፍ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። አንዱን ስፍራ የቀድሞው ፎቶግራፍ አንሺ ከቆመበት ሆኖ ከመቶ ዓመት በኋላ ዳግም ማንሣት የከተማ ታሪክ ከሚጠናባቸው ዘዴዎች አንዱ ነው፤ በኪሩና ግን ይህ በሁሉም ስፍራ አይቻልም። ከሉኦሳቫራ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ማየት አሁንም ይቻላል። የኪሩናቫራ የቀድሞ ጫፍ ግን በመጀመሪያዎቹ የቁፋሮ አሥርተ ዓመታት ራሱ ተቆርሶ በባቡር ወደ ናርቪክ ስለሄደ፣ ተራራው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየው ከዚያ በፊት የተነሣው ፎቶግራፍ ነው።