«በአማርኛ ምን ማለት ነው?» ለምትሉኝ ሁሉ

እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ምናምን ዓመት ሆነኝ። በቀን ቢያንስ አምስት ጊዜ የምሰማት ጥያቄ አለች፦ «ቲቸር፣ ይቺ ቃል በአማርኛ ምንድን ናት?» ጥያቄዋ ክፋት የላትም። እኔን የሚያበሽቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ተማሪው አንድ ቃል ይጠብቃል፣ አንዷን ይጽፋል፣ ደብተሩን ይከድናል። አለቀ፤ ቃሉን «አወቀው»።

እሷን ለኋላ ላቆያትና ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ከምሰማቸው የተሳሳቱ እምነቶች ከቀላሎቹ ልጀምር።

«እንግሊዝኛ ለመናገር መዝገበ ቃላቱን መሸምደድ ነው።» ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም፣ 20 ቅጽ ነው። ሁሉንም የሚያውቅ እንግሊዛዊ የለም። ሲ ኬ ኦግደን የሚባል እንግሊዛዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930 ለዕለት ተዕለት ጉዳይ ይበቃሉ ያላቸውን 850 ቃላት መርጦ አወጣ። ጋዜጣ እንደ ልብ ለማንበብ አይበቁም። አፍ ለመፍታት ግን ከበቂ በላይ ናቸው።

«ከባድ ቃል የሚጠቀም ሰው እንግሊዝኛ ይችላል።» አይችልም። «ጀመረ» ለማለት «ስታርት» ሲበቃው «ኮሜንስ» የሚል ሰው በጨዋታ መሃል አዋጅ የሚያነብ ይመስለኛል።

«እንደተጻፈ ይነበባል።» በፊደላችን ለምደን ነው። ዕዳ ማለት የሆነው «ዴት» ሲጻፍ በመሃሉ «ቢ» አለች፤ አትነበብም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲገባ አልነበረችም። የላቲን ሥሩን እናሳይ ያሉ ሰዎች በኋላ የሰነቀሯት ናት። ስለዚህ ቃል ስትይዙ በጆሯችሁም ያዙ። (የእኛም ፊደል ቢሆን ሁሉን አይናገርም። «ገና» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ቃል መሆኑን ማን ጻፈልን?)

አሁን ወደ ዋናዋ። «እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ አቻ አለው።» እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

አንድ ተማሪ ነበረኝ። ደብተሩን በማስመሪያ ለሁለት ሰንጥቆ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ ይጽፋል። የእጅ ጽሑፉ ሲያምር! «ረን — ሮጠ» ይላል አንዱ መስመር። አንድ ቀን «ሺ ረንስ ኧ ስሞል ቢዝነስ» የሚል ዓረፍተ ነገር አጋጠመውና «ሴትዮዋ ከንግዱ የምትሮጠው ምን ሆና ነው?» አለኝ። የትም አልሮጠችም፤ ትንሽ ንግድ ታስተዳድራለች። ሞተርም «ረን» ያደርጋል፣ የቧንቧ ውሃም፣ ለምርጫ የሚወዳደር ሰውም፣ ጉንፋን የያዘው አፍንጫም። የኦክስፎርድ አዘጋጆች ይህን ግሥ ሲከልሱት ለእሱ ብቻ ከ600 በላይ ፍቺ ለይተውለታል። ልጁ የያዘው አንዱን ነበር።

የእኛስ «ገባ»? ቤት ገባ። ፀሐይ ገባች። ቃል ገባ። ሥራ ገባ። ነገሩ ገባኝ። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «ገባ — ኢንተር» ብሎ ጽፎ፣ «ፀሐይ ገባች» ሲባል በየት በር ብሎ ቢጠይቅ ትስቁበታላችሁ። ሴትዮዋን ያስሮጣት ተማሪዬ ከእሱ በምን ይለያል?

የሁለቱ ቋንቋ ቃላት ድንበራቸው አይገጥምም። «ሰዓት» የሚለውን ውሰዱ። እጅ ላይ ሲታሰር «ወች»፣ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል «ክሎክ»፣ 60 ደቂቃ ሲሆን «አወር»፣ ስንት ሰዓት ነው ስንል «ታይም»። ለአንዷ ቃላችን አራት አላቸው። ደግሞ ገልብጡት። እኛ ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማ እናደርጋለን፣ ሰዓት እናስራለን፤ እንግሊዝኛ ሁሉንም በ«ዌር» ይገላገለዋል፤ ሽቶውን ሳይቀር።

«ቦሮው ሚ ዩር ፔን» የምትለዋ ስህተትም ከዚሁ ነው የምትመጣው። አማርኛ «ተዋሰ» እና «አዋሰ» ብሎ አንዲት ፊደል ብቻ ይቀይራል። እንግሊዝኛ ቃሉን ራሱን ይለውጣል፦ የሚወስደው «ቦሮው» ያደርጋል፣ የሚሰጠው «ሌንድ»። ደብተሩ ላይ «ቦሮው — መዋስ» ብቻ የጻፈ ተማሪ ይህን በምን ይወቀው?

እኔም አልዳንኩም። ጀማሪ ሳለሁ ቤቴ የመጣ የውጭ ዜጋ ቴሌቪዥን እንዲከፍትልኝ ፈልጌ «ኦፕን ዘ ቲቪ» አልኩት። ቴሌቪዥኑን አየ። እኔን አየ። ከዚያ «ብሎን መፍቻ አለህ?» አለኝ። ለእሱ «ኦፕን» ማለት የጀርባ ክዳኑን መፍታት ነዋ! «ተርን ኦን» ማለት ነበረብኝ። ሃያ ጊዜ ብጽፋት እንደዚያን ቀን አትያዝልኝም ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የደብተሩን መስመር ተዉት። አዲስ ቃል ስታገኙ ያገኛችሁበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጡ። ከሥሩ ስለራሳችሁ እውነት የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል እዩ። ስህተት «ሜክ» ይደረጋል፣ የቤት ሥራ «ዱ» ይደረጋል። ለምን? እንጃ፣ ልማዱ ነው። ጫማ ለምን «እንደሚደረግ» እኛስ እናውቃለን? «ቢግ» እና «ላርጅ» አንድ ናቸው የምትሉ ደግሞ ታላቅ እህታችሁን «ላርጅ ሲስተር» በሏትና ፊቷን እዩት።

«በአንድ ሌሊት 50 ቃል ያዝኩ» የሚል ካለ ሳምንት ቆይታችሁ ጠይቁት። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የለሽ ድምፆችን እየሸመደደ ራሱን ፈተነ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። የሸመደዱት ነገር አብዛኛው የሚጠፋው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ በአንድ ጊዜ ከማጥናት ደግሞ ጊዜ እየሰጡ መከለስ ይሻላል። ዓረፍተ ነገር የሌለው የቃላት ዝርዝር ከእሱ ትርጉም የለሽ ድምፆች እምብዛም አይለይም። አሥር ያዙ። ነገ ክለሱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ክለሱ፣ በሳምንቱ ክለሱ። ስትከልሱ ትርጉሙን በእጃችሁ ሸፍኑት፤ እያዩ መከለስ ራስን መሸወድ ነው።

«ፊልም ማየት ይበቃኛል» ለምትሉኝ፦ ከሥር የአማርኛውን ጽሑፍ እያነበባችሁ የምታዩት ፊልም የሚያሻሽለው አማርኛችሁን ነው።

ያ ባለ ማስመሪያ ልጅ በቀደም አዲስ ደብተር ይዞ መጣ። መስመር የለውም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ማይ ኖዝ ኢዝ ረኒንግ» ይላል። እውነትም ጉንፋን ይዞት ነበር።