ደም ብዛት ምንድን ነው? ደም ስለበዛ አይደለም

ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ምሳ ቀርቧል። አክስቴ ከሰላጣው ውስጥ ቀይ ስሩን እየለቀመች ወደ ሳህኗ ጠርዝ ትገፋለች። «ምነው?» አልኳት። «ተወኝ ልጄ፣ ደም ብዛት አለብኝ። ቀይ ስር ደም ይጨምራል ይላሉ። በበዛው ላይ ልጨምርበት?»

ሳቄ መጣ። ግን ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የስሙ ነው። ደም ብዛት አለብሽ የተባለች ሴት «ደሜ በዛ» ብታስብ ምን ይገርማል? ዋግምት የሚሄደውም፣ «ደም ብለግስ ይቀንስልኛል» የሚለውም ይኸው ስም ነው ያሳሳተው።

የአዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ደም ብዛት ያለበት ሰው ደሙ ከሌላው ሰው ደም ተርፎ አይፈስም። የጨመረው ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ስለዚህ «ደም ግፊት» የሚለው ስም ይሻላል። «ደም ማነስ»ም የዚህ ተቃራኒ አይደለም። እሱ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሲያንስ ነው። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ። ቀይ ስር ደግሞ በውስጡ ያለው ናይትሬት የደም ሥር እንዲላላ ያግዛል። አክስቴ የገፋችው የሚጠቅማትን ነበር።

ደሴ ውሃ በመጣ ቀን ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። (ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ያለን ሰዎች ይሄ አይጠፋንም።) ከታች ያለው ቤት ቧንቧ ይንፎለፎላል፤ ዳገቱ ላይ ያለው ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው አንድ ነው፤ ግፊቱ ነው የተለየው። የጎማውን አፍ በጣት ጠበብ ስታደርጉት ደግሞ ውሃው ርቆ ይረጫል። ሰውነት ውስጥም ትንንሾቹ የደም ሥሮች ሲጠቡ ልብ በኃይል መግፋት አለባት። ከ40 ዓመት ወዲያ ትልልቆቹም እየደነደኑ ይመጣሉ፤ እንደ ልጅነት አይለጠጡም።

ሲለካ ሁለት ቁጥር ይነገራችኋል። 120 በ80 እንበል። የላይኛው ቁጥር ልብ ተኮማትራ ደሙን ስትገፋ ያለው ግፊት ነው፤ የታችኛው በምት መሃል ስታርፍ ያለው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት ይባላል። «በተለያዩ ቀናት» የምትለዋን ያዙልኝ። እኔ በ46 ዓመቴ አንድ ጤና ተቋም ዳገት በጥድፊያ ወጥቼ፣ ሁለተኛ ቡናዬን ጠጥቼ፣ እግሬን አነባብሬ ተለካሁና 165 በ100 ተባልኩ። ቁጭ በል፣ እረፍ ያለኝ ሰው አልነበረም። በሌላ ቀን 5 ደቂቃ አርፌ፣ ክንዴን ጠረጴዛ ላይ በልቤ ትክክል አስደግፌ ስለካ 146 በ92 ሆነ። አሁንም ከፍ ያለ ነው፤ ግን ያኔ እንዳስደነገጠኝ አይደለም። ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም ይቅር። ሽንትም አትያዙ።

ሌላው አሳሳች ቃል «ተነሳ» ነው። «አታናደኝ፣ ግፊቴን ታስነሳዋለህ» እንላለን። ንዴት ለጊዜው ከፍ ማድረጉ እውነት ነው። በሽታው ግን እንደ ጨጓራ እየተነሳ የሚተኛ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ራስ ሳያሳምም፣ ሳያዞር፣ ሌት ተቀን ዝም ብሎ ይሠራል። «ሲነሳብኝ ክኒን እወስዳለሁ» የሚል ሰው ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ። ከዚያ ስትሮክ፣ የኩላሊት ድካም ወይም የልብ ሕመም ይመጣል።

ማውረጃው ከጨው ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እኛ ቤት ታዲያ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባል። ሽሮው ሲፈጭ ጨው ይገባል። ወጡ ሲሠራ ደግሞ «ጨው አነሰው» ይባላል። ገጠር ዘመድ ጋ ሲኬድ ቡናውም በጨው ነው። ስለዚህ ወጥ ላይ የሚጨመረውን ብቻ መቀነስ በቂ አይደለም፤ በርበሬውንና ሽሮውን ያለ ጨው ማስፈጨት ነው። ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ግን አልዋሻችሁም፣ ይከብዳል። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሙዝ በፖታስየማቸው ያግዛሉ። የኩላሊት ችግር ያለበት ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ይጨምራል። ወሎ ውስጥ ይሄን መናገር ጠላት ማፍራት ነው፤ ቢሆንም ይኸው።

እንቅስቃሴ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፤ እያወራችሁ የምትሄዱበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅታችሁ ዓይነት። ደሴ ላይ ባጃጁን ለተወ ሰው ዳገቱ ይበቃዋል። ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ በጠዋት ይሻላል። ቦርጭም ሲቀንስ ግፊቱ አብሮ ይወርዳል።

ይሄ ሁሉ ለአንዳንዱ ይበቃል፤ ለብዙው አይበቃም። ክኒን መጀመር ሽንፈት የሚመስለው ሰው አለ። እኔም መስሎኝ ነበር። አምሎዲፒን የደም ሥርን ያላላል፤ አንዳንዱን ቁርጭምጭሚቱን ያሳብጠዋል። ኢናላፕሪል የደም ሥርን የሚያጠብ ሆርሞን እንዳይመረት ያግዳል፤ አንዳንዱን ደረቅ ሳል ያስይዘዋል፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትርፍ ጨውና ውሃ በሽንት ያስወጣል። ካልተስማማችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪሙ ይቀይረዋል። «ተለክቼ ደህና ሆነልኝ» ብሎ ማቆምም ያው ስህተት ነው። ደህና ያደረገው እኮ ክኒኑ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ከምግብ ጋር ይበሉ፤ ክኒኑን ግን አይተኩም። ለወገብ ሕመም የምንውጣቸው እነ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ከፍ እንደሚያደርጉም እወቁ።

ፊት ወይም እጅ በአንድ ጎን ከደከመ፣ አንደበት ከተሳሰረ ወይም ደረት ካመመ ግን ቡናው ይፍላ ሳይባል ወደ ሆስፒታል ነው።

አክስቴን ረመዳን ሲቃረብ «ጾም ነው» ብላ ክኒኑን ልታቆም ስትል ደረስኩባት። ሐኪሟን ጠየቅን። በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ወደ ማታ ዞረላት። አሁን ክኒኗ ከቴምሩ ሳህን አጠገብ ትቀመጣለች።