ኤም-ቻት ላይ ነጥብ ማምጣት ኦቲዝም አለ ማለት ነው እንዴ?

ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ስለሆነ አንዴ ልጻፈው። "ልጄ ኤም-ቻት ላይ 5 አመጣ፣ ኦቲዝም አለበት ማለት ነው?" አይደለም! ኤም-ቻት ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ወላጅ የሚመልሰው 20 ጥያቄ ነው፣ አሳሳቢ የሆነ መልስ ሁሉ አንድ ነጥብ ያስይዛል፣ ስራው ማጣራት ብቻ ነው፣ የትኛው ልጅ በደንብ መታየት እንዳለበት ይጠቁማል እንጂ ምንም አይወስንም።

እንበል የ20 ወር ልጅ 5 አመጣ። ከ3 እስከ 7 መካከለኛ ስለሆነ ባለሙያው ነጥብ ያስያዙትን ጥያቄዎች ብቻ ይዞ በምሳሌ እያስረዳ እንደገና ይጠይቃል፣ "ስትጠቁሚው ያያል?" ሲባል መጀመሪያ አያይም ያለች እናት ሲብራራላት "እንዴ፣ እሱንማ ያያል" ትልና ነጥቡ ይወርዳል። ከዚህ በኋላም 2 ወይም በላይ ከቀረ ወደ ሙሉ ምርመራ ይላካል። 8 እና በላይ ከሆነ ግን ቀጥታ መሄድ ነው።

ዳያግኖሲስ (ኦቲዝም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ውሳኔ) የሚሰጠው ልጁን ሲጫወት አይቶ የእድገት ታሪኩን ጠይቆ ነው፣ በደም ምርመራ ወይም በኤምአርአይ አይታወቅም። ጆሮውም ይታያል፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ላይሰማ ይችላላ (ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል)። ማን ይመረምራል፣ ስንት ቀጠሮ ይፈጃል የሚለው እንደየቦታው ይለያያል። ደግሞ ልጁ ያወራው የነበረውን ቃል ካቆመ ነጥቡ ዝቅ ቢልም ሳትጠብቁ አሳዩት።