አህያ ሊራ ስትሰማ

የግሪኮችን አባባል በአማርኛ እየመለሱ መለጠፍ ሰሞኑን በዝቷል። ጥሩ ነው፤ እኔም አነባለሁ። አንዱ ግን እየከነከነኝ ነው። በቅርቡ አንድ ውይይት ላይ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ «ይሄ ነገር አልገባኝም፣ ቢብራራልኝ» አለ። ተናጋሪው በማብራራት ፈንታ «ግሪኮች እንደሚሉት፣ አህያ ሊራ ስትሰማ» ብሎ አለፈው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

አባባሉ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አልተነገረም። ለማን እንደተነገረ ለማወቅ ሊራውንም አህያዋንም ቀረብ ብሎ ማየት ይፈልጋል።

ክራር ያየ ሰው ሊራ ለማወቅ አይቸገርም። በገናም የዚያው ቤተሰብ ነው። ሁለት ቋሚ፣ ከላይ የተጋደመ ቀንበር፣ ከታች ቆዳ የለበሰ ገበቴ። የጥንቶቹ ግሪኮች ለገበቴው የኤሊ ቅርፊት ይጠቀሙ ነበር። አሠራሩን የአማልክት መልእክተኛ ለሚባለው ለሄርሜስ የተዘመረው ጥንታዊ መዝሙር ቁልጭ አድርጎ ይነግረናል። ሄርሜስ በተወለደባት ቀን፣ አርካድያ ውስጥ ከቂሌኔ ተራራ ዋሻ ሲወጣ፣ ደጃፉ ላይ ሣር የምትግጥ ኤሊ ያገኛል። ሥጋዋን ፈልፍሎ ያወጣል። ሸምበቆ በልክ በልኩ ቆርጦ ቅርፊቷ ላይ ይሰካል። የበሬ ቆዳ ያለብሰዋል። ሁለት ክንድ ተክሎ ቀንበር ያጋድምበታል። በመጨረሻ ከበግ አንጀት የተሠሩ 7 አውታሮች ይወጥርበታል።

ኤሊ፣ በሬ፣ በግ። ሁሉም የድርሻውን አዋጥቷል፤ አህያ ብቻ የለችበትም። እኔ ይህን እንዲሁ የመጣ አጋጣሚ አድርጌ አላየውም። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ሰባቱ ጠቢባን ግብዣ በጻፈው ላይ ተረት ነጋሪውን ኤዞፕን አንድ ነገር ሲያስገርመው እናያለን። ዋሽንት ሠሪዎች የአጋዘን ግልገል አጥንት ትተው ወደ አህያ አጥንት ዞረዋል፤ ድምፁ ይበልጣል ይላሉ። ከእንስሳ ሁሉ ለዜማ ባዕድ የሆነችው አህያ ከሞተች በኋላ ዜማ ሆነች ማለት ነው። ግሪኮች ይህን ያህል ልብ ብለው አህያንና ሙዚቃን ጎን ለጎን ያዩ ነበር።

ታዲያ ሁለቱ የት ተገናኙ? የእኔ እምነት ወይን ለቀማ ላይ ነው። የግሪኩ ገጣሚ ሆሜር የትሮያ ጦርነት ጀግና የሆነውን የአኪሌስን ጋሻ ሲገልጽ የወይን ለቀማ ያሳየናል። ወጣቶች ፍሬውን በቅርጫት ይሸከማሉ፤ መሃላቸው አንድ ልጅ የሊራ ዘመድ የሆነውን ፎርሚንክስ እየመታ ይዘፍናል፤ እነሱም በእግራቸው እየረገጡ ይቀበሉታል። ሆሜር አህያ አልጠቀሰም። ግን በዚያ አገር የወይን ጭነት ከኮረብታ የሚያወርደው ማን ነበር? እሷው ጥላ ሥር ቆማ፣ ሰው ሁሉ በዜማው ሲወዛወዝ ተራዋን ስትጠብቅ ይታየኛል። ሐሳቡ ራሱ ከግሪክም ሊቀድም ይችላል። ከጥንቷ የሜሶጶጣሚያ ከተማ ከኡር የወጣው፣ ዛሬ ፊላዴልፊያ በፔን ሙዚየም ያለው ትልቁ ሊራ ወደ 4500 ዓመት ይጠጋዋል፤ ፊቱ ላይ ሊራ የምትመታ አህያ ተሥላበታለች።

አህያ ሙዚቃ ስትሰማ ምን እንደምትሆን ገጠር ያደገ ሰው ያውቃል። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን አመሻሽ ላይ ክራሩን ሲቃኝ አህዮቹ በረቱ አጠገብ ቆመው ገለባ ይበሉ ነበር። ክራሩ ገና ሲነካ ጆሯቸው ይነሳል። አንዱ ጆሮ ወደ ክራሩ ይዞራል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይቀራል። ማኘኩ ግን ለአፍታም አይቋረጥም። ዜማው ቢያልቅም ባያልቅም ለእነሱ ያው ነው። ግሪኮች «አንዱ ለአህያ ተረት ቢነግራት ጆሮዋን ነቀነቀች» የሚል ሌላ አባባል አላቸው። ያቺው አህያ ናት። ትሰማለች፣ እንደሰማችም ጆሮዋ ይመሰክራል፣ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ግን የለም።

ሮማዊው ፈላስፋ ቦኤቲየስ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ እስር ቤት ሞቱን እየጠበቀ በጻፈው መጽሐፍ፣ ፍልስፍና በሴት ተመስላ አጠገቡ ትቆምና ትጠይቀዋለች። የምልህ ይሰማሃል? ወደ ልብህስ ይዘልቃል? ወይስ አህያና ሊራ ሆነህብኛል? አባባሉ የተነገረው እንዲህ ነው፤ ሰሚው በጆሮው ብቻ እንዳይቀር ለማንቃት። «አልገባኝም» ያለ ሰው እኮ ማኘኩን አቁሟል። አህያ አትጠይቅም። አባባሉ የሚገባው እስከ መጨረሻው አንገቱን እየነቀነቀ ተቀምጦ፣ ሲወጣ አንድ ነገር ላልያዘው ነው።

ላልተማረ ሰው መስደቢያ የሚያደርጉትም አሉ። በጥንቷ አቴና ሊራ መምታት የመማር ምልክት ነበር። የአቴናው መሪ ቴሚስቶክሌስ ግን አይችልም ነበር፤ በዚህም እንደ ያልተማረ ይታይ ነበር። እሱ፣ ሊራ መቃኘት ባልችልም ትንሽ ከተማ ተቀብዬ ታላቅ ማድረግ እችላለሁ ይል ነበር ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ሳላሚስ ላይ ፋርሶችን ያሸነፈውን መርከበኛ ጦር ያዘጋጀውም እሱ ነው። ሊራ አለመቻል ሌላ፣ አህያነት ሌላ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ አባባሉ ጀማሪ ክራር መቺ ላይ ሲወረወር ነው። ይሄ ጭራሽ ሌላ ተረት ነው። የሮማው ተረት ጸሐፊ ፌድሮስ በላቲን የጻፈው ነው፤ አህያዋ ሜዳ ላይ የወደቀ ሊራ አግኝታ በሰኮናዋ ትሞክረዋለች፤ አውታሮቹ ይጮሃሉ። ያማረ ነገር ነበር፣ እኔ ግን ሙያው የለኝም፤ የሚያውቅ ቢያገኘው ሰውን ባስደሰተ ነበር ትላለች። ፌድሮስ አላላገጠባትም። ስንት ተሰጥኦ በዕድል ማጣት እንደሚባክን ነው ያዘነው። እናንተ ግን ጣቱ ገና አውታር ያልለመደ ልጅ ፊት ቆማችሁ «አህያና ሊራ» ትላላችሁ። እባካችሁ ተዉት። ከቻላችሁ ቅኝቱን አሳዩት፤ ካልቻላችሁ ይለማመድበት።