አገር በቀል እውቀት በኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲዎች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

አገር በቀል እውቀት የምንለው ሰው ከመሬቱ፣ ከከብቱ፣ ከበሽታውና ከሽምግልናው ጋር ሲኖር ያጠራቀመውን፣ ባብዛኛው በቃል ከእናት ወደ ልጅ የሚወርደውን እውቀት ነው። ይሄን እውቀት ዩኒቨርስቲ ውስጥ ማጥናትና ከባለቤቶቹ ጋር ሆኖ መመራመር እኛ አገር ምን እንደሚመስል በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስላላገኘሁት ነው ይሄን የጻፍኩት። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው፣ ኋላ የምጠቅሰው አዋጅ ላይ ብቻ በኛ።

የመጀመሪያው ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ1950 ነው። በ1963 ደግሞ 6 ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሰረተ፣ የመጀመሪያ ዳይሬክተሩም ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱና ሙዚየሙ ዛሬም ድረስ ስለ አገሩ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚሄድበት ቤት ነው። ያኔ ግን ስራው ባብዛኛው መሰብሰብ ነበር፣ ማለትም ባለእውቀቱ ይጠየቃል፣ የተናገረው ይጻፋል፣ እቃው ሙዚየም ይገባል። በ1964 የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ገጠር ወርደው እንዲያስተምሩ የሚያደርገው ፕሮግራም ተጀመረ፣ ብዙ የከተማ ልጅም ገበሬውን በቅርብ ያወቀው በሱ ነው።

በዛው በ1964 ነው የእንዶድ ታሪክ የሚጀምረው። ዶክተር አክሊሉ ለማ ከጆንስ ሆፕኪንስ ተምረው እንደተመለሱ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ወንዝ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። እንዶድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የደረቀው ፍሬ ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫ ገብቶ ያስነጥሳል፣ ውሃ ሲነካው ደግሞ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፣ ነጠላና ጋቢ በሱ ሲታጠብ ነው የኖረው። አክሊሉ ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው ውሃው ላይ ሲንሳፈፉ አዩ። ከዛ አንዷን አጣቢ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ያሉበት እቃ ውስጥ የእንዶዱን አረፋ እንድታደርግላቸው ጠየቋት፣ ስታደርገው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። እንግዲህ ከዛ በኋላ ያን ሁሉ ዓመት የተሰራው የላብራቶሪ ስራ የተነሳው ከዚች እቃ ነው።

አክሊሉ በ1966 ዩኒቨርስቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሰረቱ፣ ዛሬ በስማቸው ነው የሚጠራው። አድዋ ላይ እዛው አካባቢ የተለቀመ እንዶድ ወንዙ ላይ እየተደረገ የ5 ዓመት ሙከራ ተካሄደ፣ በትንንሽ ልጆች ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 ፐርሰንት ወረደ። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየቦታው የእንዶድ ዘር ሰብስበው፣ ምርት የሚሰጠውንና ኃይለኛውን መርጠው አወጡ። ይሄ ሁሉ ተሰርቶም ዓለም አቀፍ ድርጅቶቹ ቶሎ አልተቀበሉትም። አክሊሉ ራሳቸው ሲናገሩ እንደነበረው፣ ዋናው ችግር አፍሪካ ውስጥ የተሰራ ሳይንስ አይታመንም መባሉ ነው፣ እኔም ከዚህ የተለየ ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በኋላ አሜሪካ ቶሌዶ ዩኒቨርስቲ ውስጥ እንዶድ ዜብራ መስል የተባለውን፣ የቧንቧ መስመር የሚዘጋ ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳ እንደሚገድል ተረጋግጦ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ወጣበት። የአድዋ አጣቢዎች በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ ሊኖራቸው ይገባ ነበር የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

በዛው በ1989 ያንኑ ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት ሌላው ኢትዮጵያዊ ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በ1976 የተቋቋመውን የዘር ባንክ ለረጅም ጊዜ መርተዋል። በ1984ቱ ረሃብ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሲበላ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የየአካባቢው ዘር እንዳይጠፋ ሰብስበው አቆዩ። የሳቸው ትልቁ ሃሳብ ግን ዘር ፍሪጅ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ፣ ገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ ይኑር የሚለው ነው። ገበሬ ራሱ መራጭ ነው፣ ገና ሳይታጨድ ማሳው ውስጥ እየዞረ ጥሩ ጥሩውን ዛላ ለይቶ ለዘር ያስቀምጣል።

ይሄንን በቁጥር ያሳየው ዱረም በሚባለው የስንዴ ዓይነት ላይ የተሰራው ጥናት ነው፣ የመቀሌ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎችም አሉበት። 400 የተለያየ የዱረም ዘር ትግራይ ሃገረ ሰላምና አማራ ክልል ገረገራ ላይ ተዘርቶ 60 ገበሬዎች፣ ግማሾቹ ሴቶች፣ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጡት። ዛላውን፣ ቶሎ መድረሱን፣ ምን ያህል እንደሚያቆጠቁጥ እያዩ ነው የሰጡት። የነሱ ነጥብ ከተመራማሪዎቹ ልኬትና ከዘረመል ዳታው ጋር ሲነጻጸር ትርጉም ያለው ሆኖ ተገኘ፣ ከአገሩ ዘሮች ውስጥም ተሻሻለ ከሚባለው የበለጡ ነበሩ።

በሕግ በኩል አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማህበረሰቡ እውቀቱን ማን እንደሚጠቀምበት የመወሰንና እምቢ የማለት መብት ሰጥቶታል። የጤፉ ጉዳይ ግን አዋጁ ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቷል፣ በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት የፈረመ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት አውጥቶ፣ ሄግ ያለው የአገሩ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው።

አሁን ላይ ቡሌ ሆራ ዩኒቨርስቲ የገዳ ጥናት አለ፣ የገዳ ሥርዓትም በ2016 ዩኔስኮ ተመዝግቧል። የኮንሶ እርከን በ2011፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 ተመዝግበዋል።

ብዙ የማስተርስ ተማሪ የሚሰራው ግን የመድኃኒት ዕጽዋት ጥናት ነው። ወረዳ ይመረጣል፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይያዛል፣ የቀበሌ ሰው አዋቂዎቹን ያገናኛል፣ ቅጠሉ ጋዜጣ መሃል ተጭኖ ደርቆ ወደ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕጽዋት ማከማቻ) ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ሰንጠረዥ ይወጣል፣ ያገሬው ስም፣ ሳይንሳዊ ስም፣ የሚታከምበት በሽታ፣ አዘገጃጀት። መድኃኒቱን የነገረችው ሴትዮ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ይሄ እሷን ለመጠበቅ ነው የሚሉ አሉ፣ ስሟን መቀማት ነው የሚሉም አሉ፣ እኔ እሷው ትጠየቅ ከሚሉት ወገን ነኝ።

በተማሪነቴ ፊልድ በወጣሁ ጊዜ አንድ አባት ጥያቄዬን ሳይመልሱ "ከአንተ በፊት የመጣው ልጅ የጻፈው ወረቀት የት ደረሰ?" አሉኝ፣ የምመልሰው አልነበረኝም። ቴሲሳችን በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፣ የሚቀመጠውም ካምፓስ ነው። አንዳንድ አማካሪዎች ተማሪውን ከዲፌንስ (ጥናቱን ፈታኞች ፊት ከሚያቀርብበት ቀን) በፊት ወደ መንደሩ ይመልሱታል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ሰንጠረዡ በአካባቢው ቋንቋ መስመር በመስመር ይነበባል። እዛ ላይ ነው "ይሄኛው ቅጠሉ ሳይሆን ስሩ ነው"፣ "ይሄን ለነፍሰ ጡር አንሰጥም"፣ "ይሄን አውጣው፣ አይጻፍ" የሚባለው፣ ተማሪውም እዛው ቁጭ ብሎ ያስተካክላል።