ግቢ ውስጥ አደጋ ሲደርስ፦ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ዩኒቨርሲቲ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚተኛበት፣ የሚበላበት፣ ኬሚካል የሚቀላቅልበት ቦታ ነው። እሳት ሲነሳ ወይም መሬት ሲንቀጠቀጥ ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ሰው የሚያደርገው ቀድሞ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ነው። እዚያ ያለው ስህተት ከሆነ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ከተማሪም ከመምህርም አፍ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ይሄ ደወል ልማዱ ነው፣ ተኙ»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ዶርም ውስጥ የእሳት ደወል ያለ እሳት ይጮኻል። አንዱ ምግብ ያሳርራል፣ አንዱ ሲጋራ ያጨሳል፣ አንዱ ለቀልድ ይጫነዋል። ሦስት አራት ሌሊት በከንቱ ተነስቶ ደጅ የቆመ ተማሪ በአምስተኛው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2000 በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ግዛት የሚገኘው የሲተን ሆል ዩኒቨርሲቲ አንድ የተማሪዎች ማደሪያ ሌሊት ላይ ተቃጠለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የሐሰት ደወል ስለበዛ፣ ብዙዎች ድምፁን እየሰሙ ቶሎ አልተነሱም። ሦስት ተማሪዎች ሞቱ፤ ከሃምሳ በላይ ሰዎች ተጎዱ። ግዛቱ በየተማሪ ማደሪያው ጣሪያ ላይ ውሃ መርጫ እንዲገጠም በሕግ ያስገደደው ከዚህ በኋላ ነው።

ስለዚህ ደወል ሲጮህ እውነት ይሁን ሐሰት መለየት የእናንተ ሥራ አይደለም። ጫማ፣ ስልክ፣ ቁልፍ፣ ከዚያ ደረጃ። ለቀልድ ደወል የሚጫን ጓደኛ ካላችሁም ዝም አትበሉት። በሚቀጥለው ጊዜ የማይነሳ ሰው እያፈራ ነው።

«ችግር ቢኖር ኖሮ ሌሎቹ ይነሱ ነበር»

ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ተማሪዎችን ክፍል ውስጥ አስቀምጠው መጠይቅ እንዲሞሉ ሰጧቸው። ከዚያ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ጭስ ለቀቁባቸው። ብቻውን ከተቀመጠው ተማሪ 75 በመቶው ወጥቶ ተናገረ። አጠገቡ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው የሚጽፉ ሁለት የተመራማሪዎቹ ሰዎች ሲቀመጡስ? 10 በመቶው ብቻ። ሌላው ዓይኑን እያሸ፣ ጭሱን በእጁ እያባረረ መጠይቁን መሙላት ቀጠለ።

ላይብረሪም የንግግር አዳራሽም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ሁሉም ሌላውን ያያል። ሌላውም እሱን እያየ ነው። አደጋ ላይ ሰው ሁሉ እየጮኸ የሚተራመስ ይመስለናል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ግን መዘግየት ነው። አንድ ሰው ከፍ ባለ ድምፅ «ተነሱ፣ እንውጣ» ብሎ ከተነሳ ሌላው ይከተላል። መምህሩ ፊት ለፊት ቆሞ ከሆነ ደግሞ ያ ሰው እሱ መሆን አለበት። ተማሪው የሚያየው የእሱን ፊት ነው።

«እሳቱ እኔ ጋ እስኪደርስ ጊዜ አለ»

እሳት ሲነሳ ከነበልባሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድለው ጭሱ ነው። ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። የተኛ ሰው «ይሸተኝና እነቃለሁ» ብሎ ቢተማመን ስህተት ነው። ጭሱ እንደተኛ ያፈዘውና ሳይነቃ ይቀራል።

በጭስ ውስጥ ማለፍ ግድ ከሆነ ዝቅ ብላችሁ፣ በእጅና በጉልበት ሂዱ። ንጹሑ አየር ያለው ወደ ወለሉ ነው። በር ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከጋለ አትክፈቱት። ኮሪደሩ በጭስ ከታፈነ ክፍላችሁ ውስጥ ሆናችሁ በሩን ዝጉ፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ወትፉ፣ ደውሉ፣ በመስኮት ምልክት ስጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኮሪደር ላይ ያሉት ከባድ፣ ራሳቸውን የሚዘጉ በሮች የተሠሩት ጭስና እሳት ለማገድ ነው። ለመመላለስ እንዲቀለን ብለን ወንበር ወይም የእሳት ማጥፊያውን ሲሊንደር ደግፈን ክፍት እንተዋቸዋለን። ያኔ በሩ ለስም ብቻ ቆመ ማለት ነው።

ሊፍትም እንዲሁ ነው። መብራት ሊጠፋ፣ ሊፍቱም ጭስ ያለበት ፎቅ ላይ ሊቆም ይችላል። በደረጃ ውረዱ። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ጓደኛ ካላችሁ በጭንቅ ሰዓት ዝም ብላችሁ አትሸከሙት፤ እንዴት እንደሚረዳ ቀድማችሁ ጠይቁት። ደረጃው አጠገብ የመጠበቂያ ቦታ ካለ እዚያ አድርሱትና ያለበትን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ንገሩ።

«የገባሁበት በር መውጫዬ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ዘ ስቴሽን የተባለ የምሽት ክበብ ሲቃጠል 100 ሰው ሞተ። ሌሎች መውጫዎች ነበሩ። አብዛኛው ሰው ግን ለመውጣት የሮጠው በገባበት ዋና በር ነበርና መተላለፊያው ተጨናንቆ ተዘጋ። አዳራሽ ስትገቡ ሁለተኛውን መውጫ በዓይናችሁ ፈልጉ።

«አንድ ቦታ ከጨሰ ጣሪያው በሙሉ ውሃ ያዘንባል»

ይህ የፊልም ነገር ነው። በተለመደው አሠራር የሚፈነዳው ሙቀት የደረሰበት መርጫ ብቻ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በ68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። መርጫው ላይ ፎጣና ሸሚዝ መስቀል ግን እውነተኛ ችግር ነው። ትንሿ የመስታወት ብልቃጥ ከተሰበረች ክፍሉን ውሃ ያጥለቀልቀዋል።

«አሲድ ቢፈስብኝ በቤዝ (በአሲድ ተቃራኒ ኬሚካል) አጠፋዋለሁ»

አታድርጉት። ሁለቱ ሲገናኙ ሙቀት ይፈጠራልና ቁስሉ ላይ ቃጠሎ ትጨምራላችሁ። መፍትሔው ውሃ ነው፣ ብዙ ውሃ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቆቡን በጣት ከፍቶ ይዞ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ። በሰዓት ስታዩት 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ደቂቃ «ተሻለኝ» ብሎ ያቆማል። ደረቅ ዱቄት ከሆነ መጀመሪያ አራግፉት። እንደ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያሉት ደግሞ ከውሃው በኋላ የራሳቸው ሕክምና ስላላቸው ሥራ ሳትጀምሩ ጠይቁ።

ኬሚካል ሲፈስበት የላብ (ላቦራቶሪ) ሻወር ስር ልብስ ማውለቅ የሚያሳፍረው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንዲት የ23 ዓመት ረዳት ተመራማሪ አየር ሲነካው የሚቀጣጠል ኬሚካል በሲሪንጅ ስትቀዳ ኬሚካሉ ፈሰሰ። ጋውን አልለበሰችም ነበር፤ ሰው ሠራሽ ሹራቧ በእሳት ተያያዘ። ላቡ ውስጥ የድንገተኛ ሻወር ነበረ። ያኔ ግን አልተጠቀሙበትም። ከ18 ቀን በኋላ አረፈች። ላብ ስትገቡ ሻወሩ የት እንዳለ እዩ፤ መንገዱን በካርቶን አትዝጉ።

«መሬት ሲንቀጠቀጥ በር ሥር መቆም»

ዛሬ ባሉት ሕንፃዎች የበሩ መቃን ከሌላው ክፍል የበለጠ አይጠብቅም፤ በሩም እየተወዛወዘ ይመታችኋል። ዝቅ በሉ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ እግሩን ይዛችሁ እስኪያበቃ ቆዩ። እየተንቀጠቀጠ ወደ ውጭ መሮጥ መስታወትና የግንብ ቁራጭ ከሚወርድበት ቦታ ሥር ያስገባችኋል።

«ከወጣሁ በቃ፣ ወደ ካፌ እሄዳለሁ»

የመሰብሰቢያ ቦታ የተሠራው ሰው እንዲቆጠር ነው። እናንተ ሳትታዩ ከሄዳችሁ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ እናንተን ፍለጋ ወደሚቃጠለው ሕንፃ ሊገባ ይችላል። ለቤተሰብ ማሳወቅ ከፈለጋችሁ አጭር መልእክት ላኩ። መስመር ሲጨናነቅ ጥሪ እምቢ ቢልም መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል።

የግቢውን ጥበቃ ቁጥር ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ስትደውሉ ከስማችሁ በፊት ቦታውን ተናገሩ፦ የትኛው ሕንፃ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ የክፍሉ ቁጥር። ከዚያ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ። ወዲያኛው ሰው «ይበቃል» እስኪላችሁ ስልኩን አትዝጉ።